ስምንቱ የነገሥታት ተውኔቶች በመድረክ ላይ

ዊልያም ሼክስፒር በእንግሊዝ ነገሥታት ላይ ከጻፋቸው አሥር ተውኔቶች ስምንቱ አንዱ የሌላውን ታሪክ እየተረከበ የሚቀጥል ነው። ታሪኩ በ1398 ይጀምርና በ1485 ያበቃል፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሪቻርድ 2ኛ በአጎቱ ልጅ እጅ ከዙፋኑ ወርዶ በእስር ላይ ሳለ ይገደላል። ዙፋኑን የነጠቀው ሄንሪ 4ኛ ዘመኑን ሁሉ ዐመፅ ሲያበርድ ኖሮ ታሞ ይሞታል። ልጁ ሄንሪ 5ኛ ፈረንሳይን ድል ነሥቶ ገና በ35 ዓመቱ ይቀጫል። የእሱ ልጅ ሄንሪ 6ኛ ዘውዱን የወረሰው የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ ነው፤ አድጎም ከመንግሥት ሥራ ይልቅ ጸሎት የሚቀናው ሰው ስለ ሆነ የላንካስተርና የዮርክ ቤቶች በእሱ ዘመን ይፋጃሉ። ከዮርክ ቤት የሚወጣው ሪቻርድ 3ኛ ወንድሙንና የወንድሙን ልጆች አስገድሎ ይነግሣል፤ እሱ ደግሞ በቦስዎርዝ ሜዳ ሲወድቅ ዘውዱ ወደ ቱዶር ቤት ያልፋል።

የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ የሄንሪ 6ኛ ዕጣ እንግዳ አይሆንበትም። በጎንደር ስመ ንጉሥ ተቀምጦ መሳፍንቱ በዙሪያው እንደ ተፋለሙ ሁሉ፣ ሄንሪም አንዱ ሲማርከው ሌላው ሲያስመልሰው ይኖራል። ቢሆንም በአማርኛ ሼክስፒር በይበልጥ የሚታወቀው በአሳዛኝ ተውኔቶቹ ነው። ከበደ ሚካኤል ሮሚዮና ጁልየትን፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ አምጥተዋል። ፀጋዬ ነገሥታትን በመድረክ ማቆም ሲፈልግ ያቆመው የአገሩን ቴዎድሮስንና ምኒልክን ነበር።

ሼክስፒር ስምንቱን የጻፋቸው በታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም፤ መጨረሻውን አስቀድሞ መጀመሪያውን አስከተለ። ሦስቱን የሄንሪ 6ኛ ክፍሎችና ሪቻርድ 3ኛን የጻፈው ከ1590 እስከ 1593 ገደማ፣ ገና ስም ለማውጣት በሚጣጣርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሪቻርድ 2ኛን፣ ሁለቱን የሄንሪ 4ኛ ክፍሎች፣ በመጨረሻም በ1599 ሄንሪ 5ኛን ጻፈ። በመካከሉ ብዕሩ በስሏል። ስለዚህ ተውኔቶቹን እንደ ነገሥታቱ ተራ የሚያይ ተመልካች በበሰለው ሼክስፒር ጀምሮ ወደ ጀማሪው ይወርዳል። ይህ ነገር አዘጋጆችን እስከ ዛሬ ያስቸግራል።

ታሪኩን የቀዳው ከኤድዋርድ ሆልና ከራፋኤል ሆሊንሼድ ዜና መዋዕሎች ነው፤ የተጠቀመበትም በ1587 የታተመውን የሆሊንሼድን ሁለተኛ ዕትም ነው። የቀዳውን ግን እንዳለ አላፈሰሰም። ሆትስፐር የተባለው ሄንሪ ፐርሲ በእውነቱ ከራሱ ከሄንሪ 4ኛ በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ በተውኔቱ የንጉሡ ልጅ እኩያና ተፎካካሪ ሆኗል። የሄንሪ 6ኛ ሚስት ንግሥት ማርግሬት በ1482 ፈረንሳይ ውስጥ ሞታለች፤ በሪቻርድ 3ኛ ግን ከዚያ በኋላ በለንደን ቤተ መንግሥት እየተዘዋወረች ትራገማለች። መኳንንቱ በአትክልት ሥፍራ ቆመው አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ጽጌረዳ እየቀጠፈ ጎራ የሚለይበት ትዕይንትም በየትኛውም ዜና መዋዕል አይገኝም። የጽጌረዳ ጦርነት ሲባል በብዙዎች ልብ የሚመጣው ግን ይኸው የፈጠራ ትዕይንት ነው።

ረጅም ታሪክን በተከታታይ ተውኔት ማየት ለእንግሊዝ ሕዝብ አዲስ ነገር አልነበረም። በዮርክ፣ በቼስተርና በኮቨንትሪ ከተሞች የእጅ ሙያ ማኅበራት በየዓመቱ በሥጋ ወደሙ በዓል ሰሞን ከዓለም ፍጥረት እስከ ዕለተ ምጽአት ያለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እየተከፋፈሉ በጋሪ መድረክ ያሳዩ ነበር። የዮርኩ ብቻ አርባ ስምንት ያህል ክፍሎች ነበሩት። ፕሮቴስታንቱ መንግሥት ልማዱን ቀስ በቀስ ሲያስቀር የኮቨንትሪው በ1579 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ሼክስፒር በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያደገባት ስትራትፎርድም ከኮቨንትሪ ሩቅ አይደለችም። ሄዶ አይቶ ይሆናል ብለው የሚገምቱ ምሁራን ብዙ ናቸው፤ ግምቱም ያለ ምክንያት አይደለም። መርገምና ደም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በስምንት ተውኔት ማሳየት ከአዳም ውድቀት ጀምሮ በሚተርክ ትውፊት ላደገ ሰው ይቀናል።

በ1592 መጋቢት መጀመሪያ በለንደኑ ሮዝ ቴአትር ቤት ስለ ሄንሪ 6ኛ የተጻፈ ተውኔት ታየ። የቤቱ ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎ በገቢ ደብተሩ ላይ ለዚያ ቀን የመዘገበው ድርሻ 3 ፓውንድ ከ16 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ነው፤ በዚያ ሰሞን ይህን ያህል ያስገባ ትርኢት አልነበረም። ቶማስ ናሽ የተባለው ጸሐፊ በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ ታልቦት የተባለው የጦር መሪ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በመድረክ ላይ እንደገና ሲሞት አሥር ሺህ ያህል ተመልካች እንዳለቀሰለት ጽፏል። ቁጥሩ የተለያዩ ቀኖች ተመልካቾች ተደምረው ነው። ታልቦት ፈረንሳይ ውስጥ የወደቀው በ1453 ነበርና ያለቀሱለት ሰዎች አያቶቻቸውም አላዩትም።

እንባው ግን ከፖለቲካ የራቀ አልነበረም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ስላልወለደች ከእሷ በኋላ ማን ይነግሣል የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያስጨንቅ ነበር፤ በአደባባይ ማንሳቱ ደግሞ ያስቀጣል። ስለዚህ ሰው ስለ ዛሬው መነጋገር ሲያምረው ስለ ድሮው ይነጋገራል። መንግሥትም ይህን አላጣውም። በ1599 ጳጳሳቱ ባወጡት ትእዛዝ የእንግሊዝ ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ያለ ንግሥቲቱ ምክር ቤት ፈቃድ እንዳይታተም ተከለከለ። ሪቻርድ 2ኛ በገዛ እጁ ዘውዱን የሚያስረክብበት ትዕይንት በ1597ና በ1598 ዕትሞች ውስጥ የለም፤ ታትሞ የወጣው ኤልሳቤጥ ከሞተች በኋላ በ1608 ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የታወቀው ነገር የደረሰው በ1601 ነው። በንግሥቲቱ ላይ ሊነሣ ያሰበው የኤሴክስ መስፍን ወዳጆች ወደ ሼክስፒር ቡድን ተዋንያን ሄደው በየካቲት 7 ሪቻርድ 2ኛን እንዲያሳዩላቸው ጠየቁ። ተዋንያኑ ተውኔቱ ያረጀ ስለ ሆነ ተመልካች አያመጣም ብለው አንገራገሩ። ሰዎቹ ከተለመደው ገቢ በላይ 40 ሺሊንግ ጨምረው አሳመኗቸው፤ ትርኢቱ በግሎብ ታየ። በማግስቱ ኤሴክስ ዐመፀ፤ የለንደን ሕዝብ ግን አልተከተለውም። ከተዋንያኑ አንዱ ኦገስቲን ፊሊፕስ ለምርመራ ቀርቦ የአርባውን ሺሊንግ ነገር ተናገረ፤ ቡድኑ ሳይቀጣ ቀረ። ኤሴክስ አንገቱ ሊቀላ አንድ ቀን ሲቀረው እነዚያው ተዋንያን በንግሥቲቱ ፊት ቀርበው ተጫውተዋል።

በሼክስፒር ዕድሜ ስምንቱ በተከታታይ ስለ መታየታቸው ምንም ማስረጃ የለም። የለንደን ቴአትር ቤቶች ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ተውኔት ያሳዩ ነበር። ሁለት ክፍል ያለውን ሥራ በተከታታይ ቀናት ማሳየት የታወቀ ቢሆንም ከዚያ የረዘመ ነገር አልተለመደም። ሄንሪ 5ኛ ሲያበቃ የሚናገረው ሰው ተመልካቹ የልጁን የሄንሪ 6ኛን ውድቀት በዚሁ መድረክ ደጋግሞ እንዳየ ያስታውሳል፤ ጸሐፊው አዲሱን ከቀድሞዎቹ ጋር አገናኝቶ ያስብ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። ተከታታዩን በግልጽ የሠራው ግን መጽሐፍ ነው። ሼክስፒር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ የሥራ ባልደረቦቹ ጆን ሄሚንግስና ሄንሪ ኮንደል 36 ተውኔቶቹን በአንድ ትልቅ ጥራዝ ሲያሳትሙ አሥሩን የታሪክ ተውኔቶች ለብቻ ሰብስበው በጻፋቸው ሳይሆን በነገሥታቱ ተራ ደረደሯቸው። ስማቸውንም አስተካከሉ፤ ዛሬ የሄንሪ 6ኛ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል የሚባሉት በ1594ና በ1595 ለየብቻ ሲታተሙ ሌላ ርእስ ነበራቸው። የነገሥታት ዝርዝር የመሰለ ማውጫ ያየ አንባቢ ሁሉ ከዚያ ወዲህ አንድ ረጅም ታሪክ እንደ ያዘ ይሰማው ጀመር።

ቴአትር ቤቶች በዚህ ስሜት ለመመራት ሁለት መቶ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀባቸው። በርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት በ1642 የተዘጉት ቴአትር ቤቶች በ1660 ሲከፈቱ የታሪክ ተውኔቶቹ እንደ ሥጋ ተበለቱ። ኮሊ ሲበር የተባለ ተዋናይ በ1700 ገደማ ሪቻርድ 3ኛን ቆርጦ፣ ከሌሎቹ ተውኔቶች ቁራጭ እየወሰደና የራሱን እየጨመረ እንደገና ሠራው። ሳንሱሩ የመጀመሪያውን ገቢር ሙሉ በሙሉ አስወጣበት፤ የተሰጠው ምክንያት የሄንሪ 6ኛ መከራ ተመልካቹን በስደት የሚኖረውን ንጉሥ ጄምስን ያስታውሰዋል የሚል ነበር። ታላቁ ዴቪድ ጋሪክ በ1741 ለንደንን ያስደነቀው በዚህ በሲበር ሪቻርድ ነው። ሄንሪ ኢርቪንግ በ1877 ወደ ሼክስፒር ጽሑፍ እስኪመለስ ድረስም መድረኩን የያዘው ይኸው ነበር። ከሄንሪ 4ኛ ሕዝቡ የሚወደው ሆዳሙንና ቀልደኛውን ፎልስታፍን ነው። ሄንሪ 6ኛን ደግሞ ከጥቂቶች በቀር የሚነካው አልነበረም።

ስምንቱን አንድ አድርጎ ማየትን በቅድሚያ በቁም ነገር የያዙት ጀርመኖች ናቸው። ፍሪድሪክ ሺለር በ1797 ለጎቴ በጻፈው ደብዳቤ ተከታታዩ ለጀርመን መድረክ ቢዘጋጅ ታላቅ ሥራ እንደሚሆን ገልጿል። ተውኔቶቹን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው አውጉስት ቪልሄልም ሽሌግልም በ1808 በቪየና ባደረጋቸው ንግግሮች የታሪክ ተውኔቶቹን እንደ አንድ ታላቅ የጀግንነት ግጥም ቆጠራቸው። ሐሳቡን ከወረቀት ያወረደው ፍራንትስ ዲንግልሽቴት ነው። ሼክስፒር በተወለደ በ300ኛው ዓመት፣ በ1864 ሚያዝያ፣ በቫይማር ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታታዩን አሳየ፤ የጀርመን ሼክስፒር ማኅበርም በዚያው ሰሞን እዚያው ተመሠረተ። ጀርመን በዚያን ጊዜ በብዙ መሳፍንት የተከፋፈለች ነበረች። አንድ አገር እርስ በርሱ ተፋጅቶ በመጨረሻ በአንድ ዘውድ ሥር ሲጠቃለል የሚያሳይ ሥራ የእነሱን ምኞት ነክቶት ቢሆን አያስገርምም። በ1927 ደግሞ ሳላዲን ሽሚት በቦኹም አሥሩንም አሳይቷል።

ወደ ስትራትፎርድ ልማዱን ያመጣው ፍራንክ ቤንሰን ነው። ቤንሰን ቡድኑን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ተዋናይና አዘጋጅ ነበር። በ1901 ጸደይ በስትራትፎርድ መታሰቢያ ቴአትር ቤት ስድስት የታሪክ ተውኔቶችን በአንድ ሳምንት አከታትሎ አቀረበ። በ1906 ሦስቱንም የሄንሪ 6ኛ ክፍሎች አሳየ። የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ የ1901ዱን ሳምንት አይቶ በጻፈው ድርሰት የዘመኑ ሰው የሚያደንቀውን ድል አድራጊ ሄንሪ 5ኛን ሸካራ ብሎ ናቀው፤ እንደ ደካማ የሚቆጠረውን ሪቻርድ 2ኛን ግን የነፍስ ሰው ብሎ አከበረው። ዬትስ ይህን ሊያይ የቻለው ሁለቱ ነገሥታት በቀናት ልዩነት አጠገብ ለአጠገብ ስለ ቆሙለት ይመስላል። አንዱን ብቻ ያየ ሰው የሚያወዳድርበት የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተጋጋለ። ኢ. ኤም. ደብልዩ. ቲልያርድ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ስምንቱ ተውኔቶች ሥርዓት ፈርሶ፣ በደም ታጥቦ፣ እንደገና የሚቆምበት አንድ ታላቅ ዕቅድ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ከቦምብና ከራሽን ለወጣ ሕዝብ ደስ የሚል ንባብ ነበር። በ1951 መንግሥት የብሪታንያ ክብረ በዓል ብሎ በሰየመው ዓመት አንተኒ ኩዌል በስትራትፎርድ ከሪቻርድ 2ኛ እስከ ሄንሪ 5ኛ ያሉትን አራቱን በአንድ ቋሚ የእንጨት መድረክ ላይ አቀረበ። ማይክል ሬድግሬቭ ሪቻርድን፣ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ የነበረው ሪቻርድ በርተን ደግሞ ልዑሉንና ሄንሪ 5ኛን ተጫወቱ። በዚያው ጊዜ በበርሚንግሃም ሰር ባሪ ጃክሰን አይረባም ተብሎ የተጣለውን ሄንሪ 6ኛን ከ1951 እስከ 1953 ክፍል በክፍል አቁሞ ምን ያህል የመድረክ ጉልበት እንዳለው አስመሰከረ።

ከእነዚህ ዝግጅቶች ሁሉ ዘመን የለወጠው የ1963ቱ ነው። ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒን ከሁለት ዓመት በፊት ያቋቋመው ፒተር ሆልና የካምብሪጅ ምሁር የነበረው ጆን ባርተን ሦስቱን የሄንሪ 6ኛ ክፍሎች ወደ ሁለት አጠፏቸው፤ ሪቻርድ 3ኛን ጨምረው የጽጌረዳዎቹ ጦርነት የሚል ስም ሰጡት። ባርተን የመጀመሪያውን ጽሑፍ በግማሽ ያህል ሲቀንስ የተቆረጠውን ለመስፋት ወደ 1,400 የሚጠጉ ስንኞች በሼክስፒር አጻጻፍ ራሱ ጻፈ። ይህ ድፍረት ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ከተመልካቹ ብዙው ግን የባርተን የቱ፣ የሼክስፒር የቱ እንደ ሆነ መለየት አልቻለም።

የንድፍ ባለሙያው የጆን በሪ መድረክ ከብረት የተሠራ ነበር። በመካከሉ ትልቅ የምክር ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ንጉሡና መኳንንቱ በዙሪያው ይሰየማሉ። ትዕይንት ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ያው ሆኖ በዙሪያው ያሉት ፊቶች ይለወጣሉ። ትላንት የነበረው ዛሬ የለም፤ ወንበሩን የያዘው ገዳዩ ነው። የቲልያርድ ሥርዓት እዚህ ቦታ የለውም። ሆል የፖላንዱን ሐያሲ የያን ኮትን ሐሳብ አንብቦ ነበር፤ ኮት ናዚንም ስታሊንንም ያየ ሰው ነውና በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ ያገኘው ነገሥታት ተራ በተራ የሚወጡበትና ከጫፉ የሚወድቁበትን ደረጃ ነው። አንዳንድ ቀን ሦስቱም ተውኔቶች ከጠዋት እስከ ማታ ይታዩ ነበር። በ1964፣ ሼክስፒር በተወለደ በ400ኛው ዓመት፣ የቀደሙት አራቱ ተጨምረው ተከታታዩ ሙሉ ሆነ።

በዚህ ዝግጅት ፔጊ አሽክሮፍት ንግሥት ማርግሬትን ተጫወተች። ማርግሬት ከስምንቱ በአራቱ፣ ማለትም በሦስቱ የሄንሪ 6ኛ ክፍሎችና በሪቻርድ 3ኛ፣ በሁሉም የምትገኝ ብቸኛዋ ሰው ናት። አሽክሮፍት የ55 ዓመት ሴት ሳለች ከፈረንሳይ ተማርካ የመጣችውን ኮረዳ ሆና ጀመረች፤ ያረጀች ተራጋሚ ሆና ጨረሰች። ተከታታይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከእሷ ትዕይንቶች አንዱን ቀረብ ብሎ በማየት መረዳት ይቻላል። በዌክፊልድ ጦርነት የዮርክ መስፍን በማርግሬት እጅ ይወድቃል። ማርግሬት ዘውድ ፈላጊውን ሰው በትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ታቆመዋለች። ከዚያ አንድ መሐረብ ታቀብለዋለች፤ መሐረቡ የተነከረው በመስፍኑ ትንሽ ልጅ በሩትላንድ ደም ነው። እንባህን ጥረግበት ትለዋለች። ቀጥላ ከወረቀት የተሠራ ዘውድ በራሱ ላይ ትደፋለታለች። ዮርክ ረጅም ንግግር ተናግሮ ይረግማታል፤ ከጠላቶቹ አንዱ ሳይቀር እንባ ይቀድመዋል። ከዚያ ትወጋዋለች፤ ራሱ በዮርክ ከተማ በር ላይ እንዲሰቀል ታዛለች። የዚህ ትዕይንት ጉልበት ሼክስፒር በሕይወት ሳለም የታወቀ ነበር። በ1592 በሮበርት ግሪን ስም የታተመ ጽሑፍ ወጣቱን ጸሐፌ ተውኔት ሲያጥላላ ያጣመመው ከዚህ ከዮርክ ንግግር አንድ ስንኝ ወስዶ ነው።

ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ያየ ሰው ማርግሬትን አውሬ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛውን አስቀድሞ ያየ ግን የምትወደውን የሰፎክን መስፍን የተቆረጠ ራስ አቅፋ ስታለቅስ ተመልክቷታል። ቆይቶ የራሷ ልጅ በቱክስበሪ በዮርክ ልጆች ሰይፍ በዓይኗ ፊት ሲወድቅ ያያታል፤ ያን ጊዜ መሐረቡ ይታወሰዋል። በሪቻርድ 3ኛ ስትመጣና የሌሎቹን እናቶች መከራ ስትቆጥርባቸው ተመልካቹ ሒሳቡን አብሯት ያውቀዋል። በቦስዎርዝ ዋዜማ ለሪቻርድ በሕልሙ የሚታዩት ሙታንም እንዲሁ ናቸው። ተውኔቱን ለብቻው ያየ ሰው የማያውቃቸው ስሞች ሲሰለፉ ይሰማል፤ ተከታታዩን ያየ ግን ከመካከላቸው እነ ሄንሪ 6ኛን ሲገደሉ አይቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዝግጅቶች በየዘመናቸው መልክ የተሠሩ ናቸው። ቴሪ ሃንድስ በ1977 ሦስቱን የሄንሪ 6ኛ ክፍሎች ሳያሳጥር ለማለት በሚቻል ሁኔታ አቅርቦ የባርተን መቀስ አስፈላጊ እንዳልነበረ አሳየ። በ1986 ማይክል ቦግዳኖቭና ማይክል ፔኒንግተን ያቋቋሙት ኢንግሊሽ ሼክስፒር ካምፓኒ ስምንቱን ወደ ሰባት አጥፎ በጭነት መኪና ጭኖ ዓለምን ዞረ፤ ብርታት ያለው ተመልካች ሰባቱንም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያያቸዋል። አልባሳቱ ከየዘመኑ የተቀላቀለ ነበር፤ ጂንስ ከጦር ልብስ፣ ሰይፍ ከመትረየስ ጋር ይታያል። የሄንሪ 5ኛ ወታደሮች ወደ ፈረንሳይ ሲዘምቱ እንደ እግር ኳስ ነውጠኞች ይጮሃሉ። ብሪታንያ በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች ላይ ተዋግታ ነበርና ተመልካቹ ማስታወሻ አላስፈለገውም።

በ2000 ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ስምንቱን ለተለያዩ አዘጋጆች አከፋፍሎ ሲያቀርብ ማይክል ቦይድ ሄንሪ 6ኛን ለዴቪድ ኦየሎዎ ሰጠው። ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑት ኦየሎዎ በካምፓኒው መድረክ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ነው። ለጋዜጦች መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ትርኢቱ ሲከፈት ግን ወሬው ስለ ትወናው ሆነ።

ቦይድ የካምፓኒው መሪ ከሆነ በኋላ ስምንቱን በአንድ ቡድን ለመሥራት ተነሣ። ከ2006 እስከ 2008 ድረስ 34 ተዋንያን 264 ሚናዎችን ተከፋፍለው ያዙ። ትርኢቱ የታየው ዋናው ቴአትር ቤት ሲታደስ ለጊዜው በተሠራው ኮርትያርድ ቴአትር ነው። መድረኩ ወደ ተመልካቹ መካከል የገባ ስለ ነበር ሰዉ በሦስት ወገን ከቦ ይቀመጣል፤ ተዋንያን በገመድና በመሰላል ከጣሪያ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። አንድ ተዋናይ ከሁለት ዓመት በላይ ሌላ ሥራ ሳይዝ፣ የሰባትና የስምንት ተውኔት ቃል በራሱ ይዞ፣ ማታ ንጉሥ በማግሥቱ አገልጋይ ሆኖ መኖር አለበት። የፍልሚያ ልምምዱም ከቀን ቀን ይደገማል፤ ሰይፍ ይዞ መሳሳት ያቆስላልና።

ድርብ ሚናው ቁጥር ለማብቃቃት ብቻ አልዋለም። ኬቲ ስቲቨንስ ፈረንሳዊቷን ዣንዳርክን ተጫውታ በእሳት ከተቃጠለች በኋላ ወዲያው ማርግሬት ሆና ትመለሳለች፤ እንግሊዝ ያቃጠለቻት ጠላት በንግሥትነት ቤቷ የገባች ያህል ነው። ጆናታን ስሊንገር ሁለቱንም ሪቻርዶች ያዘ። ክላይቭ ዉድ ዙፋን ነጣቂውን ሄንሪ 4ኛንም ዙፋን ፈላጊውን ዮርክንም ተጫወተ። በ2008 ጸደይ ስምንቱ ከሐሙስ እስከ እሑድ ባሉት ቀናት ተጠቃለው ታዩ፤ ከዚያም ወደ ለንደኑ ራውንድሃውስ ተሻገሩ።

አራት ቀን እንዲህ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ወገብ ይደክማል፤ በዕረፍት ሰዓት ሰዉ የያዘውን ስንቅ አውጥቶ ይበላል፤ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ እየተጠያየቁ ይግባባሉ። የዘር ሐረጉ በእርግጥ ያደናግራል። ኤድዋርድ፣ ሪቻርድና ሄንሪ የሚባሉት ሰዎች ብዛታቸው የትየለሌ ነው፤ ደህና ዝግጅት ሁሉ በቀለም፣ በድምፅ ወይም በአለባበስ ጎራቸውን እንዲለይ ይገደዳል። ከሦስተኛው ተውኔት በኋላ ግን ጆሮ የስንኙን ምት ይለምደዋል።

ከእንግሊዝ ውጭ አዘጋጆች ጽሑፉን እንደ ልባቸው ሲያደርጉት ኖረዋል። ጆርጆ ስትሬለር በ1965 ሚላኖ ላይ፣ ቶም ላኑዋና ሉክ ፐርሰቫል በ1997 በቤልጅየም የየራሳቸውን ሠርተዋል። አንድ የኔዘርላንድ ቡድን ይመራ የነበረው ኢቮ ቫን ሆቨ በ2015 አምስቱን ወደ አንድ ምሽት አሳጥሮ ነገሥታቱን በዘመናዊ የጦር አመራር ቢሮ ውስጥ አስቀመጣቸው። ፈረንሳዊው ቶማ ዦሊ ተቃራኒውን መረጠ፤ በ2014 በአቪኞ ፌስቲቫል ሄንሪ 6ኛን ብቻ ከዕረፍቱ ጋር በ18 ሰዓት አሳየ።

በ2013 የለንደኑ ግሎብ ቴአትር ሦስቱን የሄንሪ 6ኛ ክፍሎች ወደ ጦር ሜዳዎቹ ወስዶ በቶውተን፣ በቱክስበሪ፣ በሴንት ኦልባንስና በባርኔት ከሰማይ በታች አሳያቸው። ቶውተን በ1461 መጋቢት በበረዶ መካከል ጦርነት የተካሄደበትና በእንግሊዝ ምድር ከተፈሰሰው ደም ሁሉ የከፋው ፈሰሰበት የሚባል ቦታ ነው። አባቱን ሳያውቅ የገደለ ልጅና ልጁን ሳያውቅ የገደለ አባት ሬሳ ይዘው የሚመጡበት ትዕይንት የሚፈጸመውም በዚህ ጦርነት ነው።

በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ግሬገሪ ዶራን ከ2013 ጀምሮ ከሪቻርድ 2ኛ እስከ ሄንሪ 5ኛ ያሉትን አራቱን አንድ በአንድ አዘጋጅቶ በ2016፣ ሼክስፒር በሞተ በ400ኛው ዓመት፣ ለንደን ካሳየ በኋላ ወደ ቻይናና ወደ ኒውዮርክ ብሩክሊን ወሰዳቸው። የቀሩት ተራቸው የደረሰው በ2022 ነው። በመካከሉ ታሪክ ራሱ መድረኩን የሚመለከት ነገር አውጥቶ ነበር። በ2012 በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር የሪቻርድ 3ኛ አፅም ተገኘ። የጀርባ አጥንቱ በእውነት የተጣመመ ነው፤ ሼክስፒር የሰጠው ሽባ እጅ ግን የለውም። ንጉሡ በ2015 በከተማዋ ካቴድራል እንደገና ተቀበረ። በስትራትፎርድ በ2022 ሪቻርድን የተጫወተው አርተር ሂዩዝ ከልደቱ ጀምሮ የእጅ ጉዳት ያለበት ተዋናይ ነው፤ በካምፓኒው መድረክ ይህን ሚና የያዘ የመጀመሪያው አካል ጉዳተኛም እሱ ነው። የጀመረው እንደ ተከታታይነቱ ወግ ከሄንሪ 6ኛ ነው፤ በዚያ የዮርክ ልጅ ሆኖ ይዋጋል፣ ከዚያ ቀጥሎ በስሙ በተሰየመው ተውኔት ይነግሣል።